ተውላጠ ስም የሰረቀው ሰው

ካዛንቺስን በቀለም ያሳደገው አባዲ ነው። ሰፈሩ ሳይነሳ በፊት ታክሲ መጠበቂያው ላይ ቆሞ ዓይኑን ወደ ፈለገበት ያዞረ ሰው የአባዲን እጅ ጽሑፍ ሳያነብ መሄድ አይችልም ነበር። ጸጉር ቤቱ፣ ጫማ ጠጋኙ፣ ሬሳ ሳጥን ቤቱ፣ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚለው ግድግዳ ሳይቀር የእሱ ነበር። ያ ግድግዳማ ከጽሑፉ ማማር የተነሳ ለማንበብ ጠጋ ያሉ ሰዎች የመጡበትን ጉዳይ ረስተው ይመለሱ ነበር ይባላል።

ሰፈሩ ለአዲሱ ግንባታ ሲነሳ የአባዲ ቀለም ቤትም አብሮ ተነሳ። ሌላ ሰው ቢሆን አልጋ ላይ ይወድቅ ነበር። አባዲ ግን ብሩሾቹን በከረጢት አድርጎ ወሎ ሰፈር አንድ ካፌ ገባ፤ መስኮት አጠገብ ያለችውን ጠረጴዛ ያዘ፤ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ «አባዲ ሁለገብ የማርኬቲንግ ማማከር» የሚል ካርድ አሳተመ። በአንድ ማኪያቶ አምስት ሰዓት የተቀመጠ ሰው ከእሱ በፊት በታሪክ አልታየም።

ምክሩ ግን የቀልድ አልነበረም። «ከሚኒባስ መስኮት የማይነበብ ታፔላ፣ ታፔላ አይደለም» ይላል። «ሦስት ቃል ጻፍ። አራተኛው ላይ ታክሲው አልፏል።» ደግሞም፦ «ሃያ ዓይነት ምግብ የዘረዘረ ቤት አንዱንም አያውቅበትም። ሦስት ምረጥና ሦስቱን ተጠበብባቸው።» ከሁሉ በላይ ግን የምትጠቅመው ይህች ነበረች፦ «ዋጋ አትቀንስ። ዛሬ የቀነስክለት ነገም ቀንስልኝ ይልሃል። ይልቅ ምራቂ ጨምር፤ ከገዛው ላይ በነጻ አንዲት ነገር ጣል አድርግለት። ምራቂ የቀመሰ ሰው ይመለሳል። ምራቂ የነፈግከው ሰው በደጅህም አያልፍ።» ይህን ምክር ቄራ ላለ አንድ ሥጋ ቤት ሰጥቶት የቤቱ ሰልፍ በጾም ሳይቀር አልበተን ብሎ ተቸግረው ነበር።

ይህች የምራቂ ምክር ግን የእሱ አልነበረችም። ከእትዬ አየለች የተማራት ናት።

እትዬ አየለች ካዛንቺስ ውስጥ ከአባዲ ቀለም ቤት ፊት ለፊት ፉል ቤት ነበራት። አባዲ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁርሱን እዚያ በላ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመትም «ታፔላ በነጻ ልጻፍልሽ» እያለ ለመናት። መልሷ አንድ ነበር፦ «ታፔላ ለማይታወቅ ሰው ነው።» እውነቷን ነው። ቤቱ ስም አልነበረውም፤ አላስፈለገውም። «ቁርስ የት እንብላ?» ሲባል «እሷ ጋ!» ይባላል፤ በቃ። ከጋራዡም፣ ከቢሮውም፣ ከባንኩም ሰው እየወጣ «እሷ ጋ» ይሄዳል። ሁለት ዳቦ ላዘዘ ግማሽ ዳቦና አንድ ጭልፋ ፉል ጣል ታደርግና «እንካ ምራቂህን፣ አንተ!» ትላለች። ዳይሬክተሩም ሊስትሮውም ለእሷ «አንተ» ናቸው፤ እሷ «አንተ» ያላለችው ሰው ደግሞ ቁርስ የበላ አይመስለውም። አየለች የሚለውን ስሟን የሚያውቁት ግን አባዲና ቀበሌው ብቻ ነበሩ።

ነገር የተበላሸው ሰምሃል ስትመጣ ነው። ሰምሃል የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። የኢንሹራንስ ሥራዋን ለቃ ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጎን፣ «ሰምሃል ሬስቶራንት ቁርስ ምሳ እና የተለያዩ ትኩስ ነገሮች» የሚል ታፔላ ሰቀለችና ደንበኛ ልትጠብቅ ቁጭ አለች። ቁጭ ያለችው ግን ብቻዋን ነበር። ዝንቦቹ እንኳ ጎረቤት ቤት ነበር የሚውሉት።

«ጋሽ አባዲ፣ ማለቴ፣ ቲክቶክ ላይ በየቀኑ ፖስት አደርጋለሁ» አለችው፣ ቤቷን ልታሳየው ወስዳ። «ላይክ አለ፤ ሰው ግን የለም። ምን ይመክሩኛል?»

«ላይክ ዳቦ አያዝዝም፣ የኔ ልጅ። ታፔላሽን ከታክሲ ሆኖ ለማንበብ ታክሲው ጎማ መቀየር አለበት። በይ ስሚኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እዚህ ቤት ባዶ ወንበር ከተገኘ እኔ አባዲ አይደለሁም!»

ይህን ያለው ጋራዥ ሙሉ ሰው እየሰማ ነው። ሰምሃልም ያላትን ሁሉ አደረገች፤ ምግቡን ፉልን ጨምሮ ወደ ሦስት ዝቅ አደረገች፣ ሽንኩርቱን በር ላይ አቁላላች፣ የመጣውን ሰው ስም ጠየቀች። ጥሩ ምክር ግን እንደ ጥሩ ዛፍ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አምስት ሰው መጣ። ከአምስቱ ሁለቱ ሽንት ቤት ጠይቀው የገቡ ናቸው። አባዲ ሁለት ቀን ቀረው።

የዚያን ዕለት በካዛንቺስ ሲያልፍ ከታክሲ መጠበቂያው ፊት ለፊት፣ ግንባታውን በከለለው የቆርቆሮ አጥር ላይ የብስኩት ካርቶን ቅዳጅ ተለጥፎ አየ። በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ ፊደሎቹ ምስር ምስር ያካክላሉ። «እኔ አየለች ወልደገብርኤል ቄራ ገብቻለሁ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነኝ። ደንበኞቼ ኑ።»

መታወቂያ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ ሁለት የቢሮ ሰዎች ካርቶኑ ሥር ቆመዋል።

«አየለች ደግሞ ማናት?»

«እኔ እንጃ። የጠፋች ሴት መሰለችኝ፤ እግዜር ያግኛት።»

«እሷ ግን የት ገብታ ይሆን? ፉሏ በሕልሜ መምጣት ጀምሯል እኮ።»

«እሷማ፣ ማን ያውቃል ወዳጄ።»

አባዲ ከኋላቸው ነበር። «ይህችው ናት!» ቢል ሁለት ቃል ነው፤ ከሚኒባስ መስኮትም ይሰማል። አላለም። በዚያች ደቂቃ አንጎሉ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ አለ፤ እንዲህ ያለ ብልጭታ በሰው ልጅ ላይ በመቶ ዓመት አንዴ ነው የሚወርደው፤ የሚወርደውም አብዛኛውን ጊዜ ሰውየውን ለማቃጠል ነው። ሰው የሚያውቀው አየለችን አይደለም፤ የሚያውቀው «እሷን» ነው። «እሷ» ደግሞ የማን ናት? ተውላጠ ስም በማን ስም ይመዘገባል? ሰምሃል ወንድ ናት እንዴ? እሷም እሷ ናት!

በማግስቱ ማለዳ ነጭ አቡጀዲ ላይ በገዛ እጁ ጻፈ፦ «እሷ ጋ አሁን ቡልጋሪያ!» ሦስት ቃል ነው፤ «ጋ» ቃል ሳትሆን ትንፋሽ ናት። ሙጫውን ይዞ አጥሩ ዘንድ ሄደ። አጥሩ ከዚያ እስከ አዋሽ ይደርሳል፤ ግራውም ቀኙም ባዶ ነበር። አንድ ክንድ ፈቀቅ ቢል ይበቃዋል። ዳሩ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ዓይን የሚያርፈው ልክ ካርቶኗ ላይ ነው፤ ባለሙያ ዓይን ደግሞ ይህን ያውቃል። አባዲ ጨርቁን ካርቶኗ ላይ ለጠፈው። «ትልቅ ነገር ትንሽ ነገርን ይሸፍናል፤ ይሄ ፊዚክስ ነው» ብሎ ለራሱ ነገረው። ራሱ ግን አላመነውም።

በአሥራ አራተኛው ቀን ሰምሃል ቤት ሰው በሰው ላይ ተደራረበ። በአሥራ አምስተኛው የሰልፉ ጭራ ጎተራ ማሳለጫ ደርሶ ከኋላ የቆሙት ዘይት መስሏቸው ጀሪካን ይዘው ነበር።

«ጋሽ አባዲ፣ ጂኒየስ ነዎት በቃ!» አለች ሰምሃል፣ ላቧ እየተንጠባጠበ። «እሷ ጋ! እንዴት ያለ ብራንድ ነው! ከየት አመጡት?»

«ከጭንቅላቴ ነዋ!» አለ አባዲ፣ ጭንቅላቱን በጣቱ እየመታ። ጭንቅላቱ ትንሽ አመመው።

ሦስት ቀን ሳይሞላ ደግሞ ጥያቄ መጣ። ሰዎች ገብተው ይቀመጡና አንገታቸውን ወደ ጓዳ እያሰገጉ «እሷስ?» ይላሉ። ሰምሃል ግራ ገብቷት ጠየቀችው።

«‹ትመጣለች› በያቸው» አላት አባዲ። «ደንበኛ ተስፋ ይወዳል።»

«ማን ናት የምትመጣው?»

«ማለቴ... እንዲሁ በማርኬቲንግ የሚባል ነው።»

ከዚያ ወዲህ ድሮ ካዛንቺስ እሷ ጋ ይበላ የነበረው፣ የቡልጋሪያ ጋራዡ መካኒክ ሸምሰዲን በየማለዳው ፉሉን ይቀምስና «የእሷ እጅ አይደለም» ይላል፤ «ስትመጣ ይስተካከላል» ብሎም ሙልጭ አድርጎ ይበላል። አርባ ቀን እንዲህ ሆነ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አባዲ ካፌው ውስጥ ለአንድ ጸጉር ቤት ስለ ታፔላ ቀለም እያሰላሰለ ሳለ በሩ ላይ ድምፅ ሰማ።

«አንተ! ቢሮ ከፍተሃል አሉ!»

እትዬ አየለች ናት። ጠቁራለች፤ ከስታለች። በፌስታል የጠቀለለችውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ገና ትኩስ ነው።

«እትዬ... እንዴት አገኘሽኝ?»

«ቄራ ያለው ሥጋ ቤት ነው የነገረኝ። ‹እሱ ከመከረኝ ወዲህ ቢላዬ አላረፈም› አለኝ። እንካ፣ ምራቂህን አስቀድሜ አመጣሁ። አንተ ምክርህን በኋላ ትሰጠኛለህ።»

ተቀመጠች። ጫፉ የተተለተለ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ሰብሰብ አደረገች።

«አርባ ቀን ሆነኝ ቄራ ከገባሁ። በአርባ ቀን የመጣው ሰው በጣት ይቆጠራል፤ አንዱማ ወፍጮ ቤት መስሎት እህል ተሸክሞ ነው የገባ። ሰው እንዲህ ይረሳል እንዴ አባዲ? ያ ሁሉ ሰው? የማን ጨጓራ ቃሪያ አይወድም፣ ማን ዘይት ይቀነስልኝ ይላል፣ ሁሉን አውቃለሁ እኮ። እነሱ ግን አንድ ቀን እንኳ የት ወደቀች አላሉኝም።»

አባዲ ማኪያቶውን ቢያነሳ ባዶ ነው። ባዶውን ጠጣ።

«ደግሞ ሸምሰዲን ያሳዝነኛል» አለች። «መካኒኩን ታውቀው የለ? ባለፈው ከሚኒባስ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ‹በየቀኑ አንቺ ጋ እየበላሁ አንድ ቀን አላገኝሽም!› ብሎኝ አለፈ። ልጁን ምን ነካው? ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነው።»

«ቤንዚን ሽታ... ይሆናል» አለ አባዲ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«ይሁን እንግዲህ። ዲሪባ የሚባል ዕቃ ገዢ አለ፤ ድስቴን ልሸጥለት ተስማምቻለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ይወስደዋል። ከዚያ ደብረ ብርሃን እህቴ ቤት ገብቼ እጦራለሁ። በሰው እጅ መብላት አላውቅበትም ነበር፤ እማራለሁ። እስከዚያ ግን አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ካዛንቺስ አጥሩ ላይ አንዲት ወረቀት ለጥፌ ነበር። አንተ ባለሙያ ነህ። ምን አጠፋሁባት?»

ይህን ጥያቄ ቢያንስ በሐሰት መመለስ ይችል ነበር። እውነቱ አመለጠው። «ስምሽን ጻፍሽ፣ እትዬ።»

«ሰው ስሙን ካልጻፈ የማንን ይጻፍ?»

አባዲ «ትንሽ ጠብቂ፣ ገበያ ይመለሳል» ብሎ አጉተመተመ። እሷ ግን ይህንኑ እንደ ትልቅ ምክር ተቀብላ ተነሣች። «እጅህ አይንጠፍ፣ ልጆችህ ይደጉልህ፣ የለፋህበት ይባረክልህ» ብላ መረቀችው። ምራቂውንና ምርቃቱን ባንድ ቀን ተቀበለ። ስትወጣ ፌስታሉን ፈትቶ አንዲት ጉርሻ ጎረሰ፤ ያው የድሮው፣ ያው የእሷ እጅ ነው። ጉርሻዋ ጉሮሮው ላይ ሦስት ቀን ተቀመጠች።

በግ የሰረቀ በጉን ይደብቃል፤ አባዲ የሰረቃት ቃል ግን በሰው ሁሉ አፍ ውስጥ ነበረች። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «እሷ ትከፍላለች» ይላል፤ አባዲ ይደነግጣል። ስልክ የሚያወራው ጎረምሳ «እሷማ በቃ ፎጋሪ ናት» ይላል፤ አባዲ ያልበዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በቀን ውስጥ «እሷ» የሚባለው ስንት ጊዜ እንደሆነ ከዚያ በፊት የቆጠረ ሰው አልነበረም፤ አባዲ እስከ ሐሙስ ቀትር አሥራ አንድ ሺህ አድርሶት ነበር። ከአማርኛ ሸሽቶ ቤቱ ገብቶ በትግርኛ ሊያርፍ ቢል ሚስቱ ትበርህ ስለ ጎረቤት ስታወጋ «ንሳ...» ብላ ጀመረች። እዚያም እሷ ቆማለች።

ዓርብ ማለዳ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ የእኔ ቢጤ ሳንቲሙን ተቀበሉና «እሷው ታውቅልሃለች፣ ልጄ» አሉት። ሽማግሌው እመቤታችንን ማለታቸው ነው። አባዲ ግን አጥሩን ተደግፎ ተቀመጠ፤ ሳይሳለም ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ትበርህ መምህርት ናት፤ በዓይኗ ብቻ ስድሳ ተማሪ ታናዝዛለች። «ሦስት ቀን እህል አልቀመስክም» አለችው። «ምን ሰርቀህ ነው?»

«ቃል።»

«የማን?»

«የእሷ።»

«እሷ ማን?»

«እሱ ነው እኮ ችግሩ!» አለና አለቀሰ። ሁሉን ነገራት፤ ካርቶኗን፣ ሙጫውን፣ ሸምሰዲንን፣ ድስቱን።

«ባንክ ዘርፈህ ቢሆን ይሻል ነበር» አለች ትበርህ። «ብር ይመለሳል። ሴትዮዋ ሰው ረሳኝ ብላ ነው የምትሄደው። ድስቱ የሚወሰደው ነገ አይደል? ታዲያ እዚህ ምን ታለቅሳለህ?»

ከሰዓት በኋላ ቡልጋሪያ ሄዶ ለሰምሃል ነገራት። ሰምሃል ጭልፋዋን እንደያዘች ቀረች። ፊቷ እንደ ቃሪያ አረንጓዴ፣ እንደ በርበሬ ቀይ፣ ቀጥሎም እንደ ጨው ነጭ ሆነ።

«‹ትመጣለች› ያስባልከኝ ለዚህ ነው?» አለች። «አርባ ቀን ሙሉ በአፌ ያስዋሸኸኝ? እኔ እኮ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር! አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?»

እስከ ትናንት «ነዎት» ስትለው የነበረች ልጅ ናት። «አንተ» የምትባለው ቃል ከእሷ አፍ ወጥታ እንደ ድንጋይ ግንባሩ ላይ አረፈች።

«ነገ ለደንበኛው እኔ እናገራለሁ» አለ።

«እኔ ነኝ የዋሸኋቸው፣ እኔ እነግራቸዋለሁ። አንተ ጨርቅህን ንቀልና ና።»

ቅዳሜ በማለዳ አባዲ አጥሩ ዘንድ ሄደ። ጨርቁን ሲልጠው ካርቶኗም በሙጫው ተጣብቃ አብራ መጣች። ቀለሟ ተዘርግቶ ነበር፤ «አየለች» የሚለው ግን ይነበባል። እንደዚያው ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ቡልጋሪያ ደረሰ።

ሰምሃል ወንበር ላይ ወጥታለች። «አንዴ፣ ይቅርታ!» አለች። «ይሄ ቤት እሷ ጋ አይደለም። እሷ ቄራ ናት፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። አየለች ትባላለች። እኔ ሰምሃል ነኝ። ዋሽቻችኋለሁ፤ በቃ።»

ሸምሰዲን ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ታዲያ አርባ ቀን ያበላሽን የማን ፉል ነው?»

«የኔ!»

«እሱስ ታውቆኝ ነበር» አለ ሸምሰዲን፣ ቤቱም በሳቅ ፈረሰ። ቀጥሎ ግን ተነሣ። «እኔን እኮ ያኔ በመስኮት እንደ እብድ ነው ያየችኝ! ተነሡ እንጂ፤ ምን ትጠብቃላችሁ?»

ከቡልጋሪያ እስከ ቄራ እንዲህ ያለ ጉዞ ታይቶ አይታወቅም። ቱታ የለበሰው፣ ከረባት ያሰረው፣ ዳቦውን በእጁ የያዘው ሁሉ ተግተለተለ። መኪኖች ቆሙ። አንድ የታክሲ ረዳት «ሠርግ ነው ለቅሶ?» ብሎ ጮኸ፤ «ፉል ነው!» ሲሉት ተሳፋሪዎቹን እንደጫነ ተከተለ። ከፊት አባዲ ይሄዳል፤ ጥቅሉ በብብቱ ነው፤ አንዲት ጨርቅና አንዲት ካርቶን አንድ ኩንታል ጤፍ ያህል ከበዱት።

ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሲደርሱ ድስቱ ጋሪ ላይ ወጥቷል። ሙሽራና ስድስት ሚዜዎቿ የሚገቡበት ድስት ነው፤ ዲሪባ በገመድ እያሰረው ነበር። እትዬ አየለች በሩን ተደግፋ ታየዋለች።

«እሷ!» ብሎ ጮኸ ሸምሰዲን። «እሷ! እሷ!» አለ ሰው ሁሉ።

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የት ነበራችሁ እናንተ!»

«አንቺ ጋ!» አለ ሸምሰዲን።

ሳቀች፤ አለቀሰች፤ አንዱን ትከሻውን መታች፣ የሌላውን ጉንጭ ቆነጠጠች። «ማን መራችሁ?» ስትል ሸምሰዲን ወደ አባዲ ጠቆመ። እጇን ዘርግታ መጣች። «አንተ! ጠብቂ አልከኝ፣ ጠበቅሁ! ምክርህ ሠራ!»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ሰምሃል ቡልጋሪያ ቀርታለች፤ ጨርቁን ማን እንደለጠፈው ለሰው አልተናገረችም። ዝም ቢል በሕይወቱ ትልቁ ምክር ሆኖ ይቀርለት ነበር፤ የካርዱ ጀርባ ላይ ሳይቀር ያሳትመው ነበር። አባዲ ጥቅሉን ፈትቶ የጨርቁን ጀርባ ወደ እሷ አዙሮ ሰጣት።

«ይቺ የኔ ናት» አለች፣ ካርቶኗን እየዳበሰች። ከዚያ ጨርቁን ገለበጠችው። «እሷ ጋ አሁን ቡልጋሪያ።» ጽሑፉን ታውቀዋለች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከደጇ ፊት ለፊት ያየችው እጅ ነው። ቀስ ብላ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች።

«እርስዎ ነዎት የለጠፉት?»

እርስዎ። በዕድሜ ልኳ ዳይሬክተሩን እንኳ እንዲህ ያላለች ሴት። አባዲ ዘወር ብሎ ከኋላው ሌላ ሰው ፈለገ። አልነበረም።

«እኔ ነኝ።»

«አንድ ክንድ ፈቀቅ ቢያደርጉት ምን ነበረበት?»

ስትሰድበው፣ ስትራገም፣ በጭልፋ ስትመታው ሦስት ሌሊት አስቦ ለሁሉም መልስ አዘጋጅቶ ነበር። ለዚህች ግን አላዘጋጀም። እሷም አልጠበቀችውም። «ዲሪባ፣ ድስቴን አውርድ» አለችና ገባች።

ዲሪባ እያጉረመረመ አወረደው፤ አውርዶም ሁለት ዳቦ በላ።

ሰምሃል ታፔላዋን «ሰምሃል ጋ» ብላ ራሷ ጻፈችው። ፉል ትታ ጨጨብሳ ይዛለች፤ ከስምንት ወንበሮቿ አምስቱ ይሞላሉ። «እነዚህ አምስቱ የኔ ናቸው» ትላለች፤ ለአባዲ ሳይሆን ለሌላ ሰው። ለእሱ ሰላምታ የምትሰጠው በአገጯ ነው።

አባዲ አሁንም ወሎ ሰፈር ካፌው ውስጥ ይመክራል። «ምራቂ የነፈግከው ሰው በደጅህም አያልፍ» ይላል። ይህን ብሎ በማግስቱ ማለዳ ሁለት ታክሲ ይዞ ቄራ ይወርዳል። እትዬ አየለች መጥታ «ምን ልታዘዝ?» ትለዋለች። «ሁለት ዳቦ በፉል።» ሁለት ዳቦ በፉል ታመጣለታለች፤ አትጨምር፣ አትቀንስ። «ታፔላ በነጻ ልጻፍልሽ?» አላት አንድ ቀን። «ተዉት። እርስዎ እንዳስታወቁኝ ማን ያስታውቀኛል» አለችው። ከጎኑ ለተቀመጠው ግማሽ ዳቦ ይወድቃል፤ ከፊቱ ላለው ጭልፋ ይገለበጣል። ይህን እያየ ሁለት ዳቦውን ይበላል። ሦስት ወር ሆነው፤ አንድ ቀን አልቀረም።

ባለፈው ረቡዕ ቤቱ ሞልቶ ሳለ ከምድጃው በኩል ድምፅ መጣ።

«አንተ!»

አባዲ ተነሣ። ወንበሩ ወደ ኋላ ተገለበጠ። እጁ ሳያዘው ተዘርግቷል።

እትዬ አየለች ግን የምታየው በራሱ ላይ አሳልፋ ነበር። ሸምሰዲን በሩ ላይ ደርሷል።

«አንተ፣ ምራቂህን ትተህ የት ትሄዳለህ?»

አባዲ ወንበሩን አነሳ። ተቀመጠ። ሁለተኛዋን ዳቦ ጨረሰ።